ፕሮግራሙ ላይ ያልነበረው መቃብር

ጋሼ ሕንድ የሄደው ለሕክምና ነበር፤ እኔ ደግሞ አስታማሚ ሆኜ ተከተልኩት። ሙምባይ ላይ ምርመራው አልቆ መድኃኒቱ ከታዘዘ በኋላ ሐኪሙ «ለውጡን እንድናየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሱ» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ኪስ አይችለውም። በተከራየናት ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደግሞ ለጋሼ ከሕመሙ ይብስበታል። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ እንኳን ሕንድ ደርሶ፣ ደብረ ብርሃን ለለቅሶ ሄዶም አንድ ደብር ሳይሳለም፣ አንድ ፍርስራሽ ሳያይ አይመለስም። ሐኪሙም «ካልደከመ ይዘዋወር» አለ። ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ ጉጃራትንና ደካንን ከሚዞር አንድ የቱሪስት ቡድን ጋር የተቀላቀልነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቡድን ጉብኝት ብዙ ይታማል። እውነት ነው፣ በደወል የሚነዳ ተማሪ ያደርጋል፤ ፎቶ ለማንሣት ዐሥር ደቂቃ፣ ለመጸዳጃ ዐሥር ደቂቃ፣ ለአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ነገር ግን ዕድሜው ለገፋና መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጥ ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ከታክሲ ጋር መጨቃጨቅ የለ፣ ሆቴል ፍለጋ የለ። አብረውን ከነበሩት የሚበዙት ጡረታ የወጡ እንግሊዞች ነበሩ። ወፍ እንጂ ሌላ ነገር የማይታያቸው አውስትራሊያዊ ባልና ሚስትም ነበሩበት፤ መስጊድ ውስጥ ገብተው እንኳ ጉልላቱ ላይ ያረፈውን ወፍ ነው የሚያዩት። ከሁሉም የተግባባናቸው ግን ሞምባሳ ተወልደው ያደጉ፣ አያቶቻቸው ከጉጃራት የሄዱ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። የአያቶቻቸውን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ መምጣታቸው ነበር።

ጉጃራት መጠጥ የተከለከለበት ግዛት ነው። ሥጋም ቢሆን እንደ ልብ አይገኝም። ለእንግሊዞቹ ዱብ ዕዳ ሆነባቸው፤ ጋሼ ግን ምስርና አትክልት በየጎድጓዳ ሳህኑ የተደረደረበት ትልቅ ትሪ ሲቀርብለት «ሁዳዴን እዚህ ነበር መጾም!» እያለ ይስቅ ነበር። ወጡ ውስጥ ስኳር መጨመራቸውን ብቻ እስከ መጨረሻው ይቅር አላላቸውም።

አህመዳባድ የገባነው ከካይት በዓላቸው ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። በየኤሌክትሪክ ሽቦውና በየዛፉ ላይ የተቀዳደደ ባለ ቀለም ወረቀት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። መጀመሪያ የተወሰድነው ባጃጅና አውቶቡስ ዙሪያውን ወደሚተራመስበት አንድ ትንሽ መስጊድ ነበር፤ የሲዲ ሰይድ መስጊድ ይባላል። የተሠራው በ1572 እና 1573 ነው (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከውጭ ሲያዩት ይህን ያህል አያስደንቅም። ወደ ውስጥ ገብተው የምዕራቡን ግድግዳ ቀና ብለው ሲያዩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅስት መስኮቶቹ በተፈለፈለ ድንጋይ የተሞሉ ናቸው፤ በአንደኛው ላይ የዛፍ ግንዶችና ቅርንጫፎች ከዘንባባ ጋር ተጠላልፈው እስከ ቅስቱ ጫፍ ይወጣሉ፤ በየቅጠሉ መካከል የከሰዓቱ ብርሃን ይገባል። የከተማዋ ስመ ጥር የማኔጅመንት ተቋም ዓርማውን የወሰደው ከዚህ መስኮት ነው። መካከለኛው ቅስት ግን ባዶ ድንጋይ ነው። ሞጉሉ ንጉሥ አክባር ጉጃራትን የያዘው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ሥራው ሳያልቅ ቀረ ይባላል።

አስጎብኚያችን የዚያው ከተማ ልጅ፣ አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነበር። ስለ ዛፉ ረዘም አድርጎ አስረዳና በመጨረሻ «ያሠራው አንድ አፍሪካዊ ባሪያ ነው» ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ከየት የመጣ?» አለ ጋሼ።

«ከአቢሲኒያ።»

«የእኛ አገር ሰው ነዋ!»

እንግሊዞቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ጭብጨባውን አልወደደውም፤ ጫማውን እያሰረ «ባሪያ መስጊድ አያሠራም፤ መኳንንት ነው የሚያሠራ። ይህን ለምን ይዘለዋል?» አለኝ በአማርኛ።

ልክ ነበር። በዚያ ዘመን የጉጃራትና የደካን ሱልጣኖች የገዛ መሳፍንቶቻቸውን አያምኑም። ስለዚህ ወገንና ርስት የሌለው፣ ታማኝነቱ ለጌታው ብቻ የሆነ ወታደር ይፈልጋሉ። ወታደሩንም ከቀይ ባሕር ገበያ ይገዙታል። እኛ አገር ደግሞ ከ1529 እስከ 1543 የዘለቀው የግራኝ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የተከተለው ትርምስ ምርኮኛውን በገፍ ወደ ወደቦቹ ያወርደው ነበር። የተሸጡት ልጆች ባሕሩን ተሻግረው ፈረስና ጎራዴ ተማሩ። ጌታቸው ሲሞት ወይም ሲፈቅድላቸው ነጻ ወጡ፤ ጦር መሩ፣ መሬት ያዙ። ሲዲ ሰይድም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከአንድ የእኛው አገር ተወላጅ ጄኔራል ጭፍራ ጋር የነበረ ባለጸጋ ሰው።

የጥምቀትን ዕለት ፓታን ላይ፣ ከመሬት በታች ዋልን። ራኒ ኪ ቫቭ ንግሥት ኡዳያማቲ ለባሏ ለንጉሥ ቢማ መታሰቢያ በ11ኛው መቶ ዓመት ያሠራችው የውሃ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ማለት ግን ያሳንሰዋል። በደረጃ ሰባት ፎቅ ወደ ታች ይወረዳል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የአማልክትና የደናግል ምስል ነው። ወንዙ ሞልቶ ለዘመናት በደለል ቀብሮት ስለኖረ ነው ሳይጎዳ የቆየ። ዛሬ በሕንድ የ100 ሩፒ ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል። ጋሼ ከደረጃው ግማሽ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች እያየ «ታቦት ቢወርድበት ያምራል» አለ። አስጎብኚው ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረንም፣ አውቶቡሱ እየጠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ዱር አራዊት ዞረ፤ አስጎብኚ ድርጅቱም በማስታወቂያው ላይ በትልቁ ያወጣው ይህንኑ ነበር። የጊር ደን ከአፍሪካ ውጭ በዱር የሚኖር አንበሳ የቀረበት የመጨረሻው ስፍራ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት አደን ሊጨርሳቸው ተቃርቦ ነበር፤ የቀሩት ጥቂት ደርዘን ቢሆኑ ነው። የጁናጋድ ገዥዎች መግደልን ባይከለክሉ ኖሮ ዛሬ ወሬያቸውም አይኖርም ነበር። በ2020 ቆጠራ 674 ነበሩ። በ2025 ደግሞ 891 ደርሰዋል። ከግማሽ የማያንሱት ከጥብቁ ደን ውጭ፣ በእርሻና በመንደር መካከል ነው የሚዘዋወሩት።

ከጎሕ በፊት ብርድ ልብስ ተከናንበን ክፍት ጂፕ ላይ ወጣን። ለእያንዳንዱ መኪና የሚሄድበት መስመር አስቀድሞ ተወስኖለታል፤ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። ደኑ እንደ ጠበቅሁት አረንጓዴ አይደለም። ቅጠሉ የረገፈ የቲክ ዛፍ፣ የደረቀ ሣር፣ አቧራ። ዛፉ ላይ ፊታቸው የጠቆረ ባለ ረጅም ጅራት ጦጣዎች ቅጠል እየቀነጠሱ ይጥላሉ፤ ከሥር ነጠብጣብ ያለው አጋዘን ይለቅማል። ሁለቱ ዘበኞችም ናቸው፤ ጦጣው ከላይ ነብር ወይም አንበሳ ካየ ይጮኻል፣ አጋዘኑ ከታች ካሸተተ እሱ ይጮኻል። መሪያችን መኪናውን አስቁሞ ጆሮውን የሚያቆመው ይህን ጩኸት ፍለጋ ነበር።

ያገኘናት አንዲት ሴት አንበሳ ናት፤ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ከመንገዱ ዳር ተጋድማለች። በሆዷ ሥር ረጅም የቆዳ እጥፋት አለ፤ የእስያውን አንበሳ ከአፍሪካው የሚለዩበት ምልክት ነው። የወንዱም ጋማ አጭር ስለሆነ ጆሮው ይታያል አሉን። ጋሼ የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ ባለ ጥቁር ጋማ አንበሶች እያሰበ ነው መሰለኝ፣ «እነዚህስ ጸጉራቸውን ተቆርጠዋል» አለ። እኔን ያስገረመኝ ግን አንበሳዋ ሳትሆን እረኛው ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ማልዳሪ ከሚባሉት ከብት አርቢዎች አንዱ፣ ነጭ ለብሶ በትር ይዞ ጎሾቹን ይነዳል። አንበሳዋም አየችው፤ እሱም አያት። አንበሶቹ ከእረኞቹ የሚበሉት ከብት ጥቂት አይደለም፤ መንግሥት ለተበላ ከብት ካሣ ይከፍላል። ያም ሆኖ እረኞቹ አንበሳ አብሯቸው ካልኖረበት ደኑን ደን አይሉትም።

በምሳ ሰዓት አስጎብኚው ስለ አንድ የቆየ ክርክር አነሣ። ሁሉም አንበሳ በአንድ አካባቢ መከማቸቱ አደጋ አለው፤ በ2018 በሽታ ገብቶ ከሃያ በላይ ገድሏል። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቂቶቹ ኩኖ ወደሚባል ደን፣ ወደ ሌላ ግዛት እንዲዛወሩ አዞ ነበር። ጉጃራት ግን አንበሶቿን መስጠት አልፈለገችም። እኛ ከመሄዳችን በፊት በመስከረም 2022 ኩኖ የገቡት አንበሶች ሳይሆኑ ከናሚቢያ በአውሮፕላን የመጡ ስምንት አቦሸማኔዎች ናቸው። አስጎብኚው ይህን ሲናገር ደስ ያለው ይመስላል፤ የጉጃራት ልጅ ነዋ። ጋሼ ሰሙንና ወርቁን ሳያብራራ «ከአፍሪካ ማስመጣቱን ዛሬም አልተዉም» አለ። ሳቅሁ፤ ሌላው ሰው አልገባውም።

ማታ በሆቴሉ ግቢ እሳት ተነደደ። ፕሮግራሙ ላይ «የአፍሪካ ጎሳ ጭፈራ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የጣዎስ ላባ የታጠቁ፣ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ወጣቶች ከበሮ እየመቱ ገቡ፤ ኮኮናት ወደ ላይ እየወረወሩ በራሳቸው ይፈረክሱታል። ሲዲዎች ናቸው፤ በጊር ዙሪያ ለብዙ ትውልድ የኖሩ፣ አፋቸውን በጉጃራትኛ የፈቱ፣ የሚበዙትም ሙስሊም የሆኑ አፍሪካውያን ሕንዶች። ከአንበሳው ቀጥሎ እንደ ሌላ ትርኢት መቅረባቸው ያን ሌሊትም ሆነ ዛሬ ያስቀይመኛል። ገንዘቡ ያስፈልጋቸዋል፣ ጥበቡም የራሳቸው ነው፤ ቢሆንም የሰው ልጅ ከአጋዘንና ከአዞ ጋር በአንድ የፕሮግራም ወረቀት አይሰፍርም።

በማግስቱ መንደራቸውን ጃምቡርን ስናይ ነገሩ ሌላ ሆነ። እዚያ ያው ከበሮ ናጋርቺ ባባ የተባሉት ወሊያቸው መቃብር የሚከበርበት ነው፤ ላባም ቀለምም የለም። የሞምባሳዋ ወይዘሮ በጉጃራትኛ ያስተረጉሙልን ነበር፤ ዜማው ሲጀመር ግን ድንገት ቀና አሉ። ከግጥሙ መሐል አንዳንድ የስዋሂሊ ቃል ሰምተው ነው። ያኔ ጋሼ የጃምቡር ሰዎች እንደ ሲዲ ሰይድ ከእኛ አገር ብቻ የመጡ እንዳልሆኑ፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እንደሚሆኑ ነገረኝ። ቢሆንም አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው ሲያዋሩት የወሎ አጎቶቼን ነበር ያየሁት፤ ግንባራቸው፣ አሳሳቃቸው። ምን አገባኝ፣ ዓይኔ ያየውን አየ። በዚያው ሳምንት የሕንድ መንግሥት የዓመቱን የክብር ሽልማቶች ሲያስታውቅ ፓድማ ሽሪ ከተሰጣቸው አንዷ የዚችው መንደር ሴት ሂርባይ ሎቢ ነበሩ፤ የሲዲ ሴቶችን በሥራና በቁጠባ አደራጅተው ራሳቸውን ያስቻሉ። ዜናውን በሞባይሌ ሳነብ አስጎብኚያችን ለምን ከእሳቸው ጋር እንዳላገናኘን ገረመኝ።

ከጊር ወደ ሙምባይ ተመልሰን፣ ከዚያ በሌሊት ባቡር አውራንጋባድ ገባን። ያኔ ገና ስሟ አልተቀየረም፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች። አጃንታ መልካም ነው፤ ሥዕሎቹ ግን በደብዛዛ ብርሃን ስለሚታዩ ለደከመ ዓይን ይከብዳሉ፣ አልፈዋለሁ። ኤሎራን ግን ማለፍ አይቻልም። በአንድ የተራራ ወገብ ላይ የቡድሂስቶች፣ የሂንዱዎችና የጃይኖች ዋሻዎች ተደርድረዋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው 16ኛው፣ ካይላሳ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ያስጀመረው ይህ መቅደስ የተገነባ አይደለም፤ ተፈልፍሏል። በሦስት ወገን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ አንድ አለት ለብቻው ቆመ፤ ከዚያ ጠራቢዎቹ ከጣሪያው ጀምረው እየወረዱ ጉልላቱን፣ ዓምዱን፣ በመጨረሻም መሠረቱን የተሸከሙትን ዝሆኖች አወጡ። የወጣው ድንጋይ 200,000 ቶን ገደማ ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

አስጎብኚው «በዓለም ላይ እንዲህ ከላይ ወደ ታች የተሠራ ሌላ የለም» አለ።

«አለ» አለ ጋሼ። «እኛ ጋ አለ። ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት። ይህ ግን በአራት መቶ ዓመት ይቀድማል፣ በመጠንም ይበልጣል፤ እሱን አልክድም።»

ከእንግሊዞቹ አንዷ ቤተ ጊዮርጊስን ያዩ ኖረዋልና ወሬው ከዚያ በኋላ ወደ ላሊበላ ሄደ። ጋሼ አልተከተላቸውም። ግድግዳው ላይ የቀረውን የመሮ ምልክት በጣቱ ይከተል ነበር።

ከኤሎራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ኩልዳባድ አለች። ፕሮግራሙ እዚያ የሚያቆመን ለአውራንግዜብ መቃብር ነው፤ ያ ሁሉ ግዛት የነበረው የሞጉል ንጉሥ በ1707 ሞቶ፣ ጣሪያ በሌለው ተራ መቃብር አርፏል። ጋሼ ግን ከአህመዳባድ ጀምሮ ሲጠይቅ የከረመው ስለ ሌላ ሰው ነበር፤ ስለ ማሊክ አምባር። አስጎብኚው «ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለ። የሞምባሳዋ ወይዘሮ «እንግዲያው ከአውራንግዜብ ሰዓት ቀንስልን» አሉ። ማንም አልተቃወመም፤ ወፍ ፈላጊዎቹም ጭምር፣ መንገዱ ዛፍ ነበረውና።

ጉልላት ያለው፣ ጠንካራ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ትኬት ቆራጭ የለ፣ ፖስት ካርድ ሻጭ የለ፣ ጥቂት ፍየሎች ብቻ በአቅራቢያው ይግጣሉ። ጋሼ ደረጃው ላይ ቆመና ሳናስበው ማስተማር ጀመረ፤ ያ የክፍል ድምፁ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ተሸጠ፤ አንድ የኔዘርላንድ ነጋዴ እንደጻፈው ሞካ ላይ ዋጋው 80 ጊልደር ነበር። ባግዳድ ላይ የገዛው ጌታ አስተማረው። ከዚያ ደካን ደርሶ ለአህመድናጋር ጠቅላይ ሚኒስትር ተሸጠ፤ ሚኒስትሩ ራሱ የእኛው አገር ሰው፣ ራሱም የተሸጠ ነበር። ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ፤ የራሱን ፈረሰኞች አሰባሰበ። ሞጉሎች በ1600 አህመድናጋርን ሲይዙ፣ ከንጉሡ ዘር አንዱን ዙፋን ላይ አስቀምጦ ራሱ እንደራሴ ሆነ። ሩብ ምዕተ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የሞጉል ጦር ደካንን እንዳይውጥ የያዘው እሱ ነው። ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ስንቃቸውን ይቆርጣል፣ በሌሊት ይመታል፣ ወደ ሸለቆ ይስባል። አብረውት ከተዋጉት የማራታ ፈረሰኞች መካከል የሺቫጂ አባትና አያት ነበሩ፤ ሕንድ ዛሬ በሐውልት የምታከብረው ሺቫጂ ማለት ነው። ሞጉሉ ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ሊያሸንፈው ስላልቻለ፣ ጦር ላይ የተሰካውን የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን፣ ቼስተር ቢቲ ሙዚየም ውስጥ ነው። አምባር ግን በ1624 ባትቫዲ ላይ የሞጉልንና የቢጃፑርን ጥምር ጦር ድል መትቶ፣ በ1626 ወደ ሰማንያ ዓመቱ ሲጠጋ በገዛ ሞቱ ሞተ። ጃሃንጊርን ያገለግል የነበረው ታሪክ ጸሐፊ እንኳ በውጊያም በአስተዳደርም አቻ እንዳልነበረው መስክሮለታል።

«የተኛንበት ከተማ ደግሞ» አለ ጋሼ፣ «በ1610 የቆረቆረው እሱ ነው። ውሃውን በመሬት ውስጥ ቦይ ከኮረብታው ያመጣው እሱ ነው። አውራንግዜብ በኋላ መጥቶ ስሙን ለጠፈበት።»

አስጎብኚው ስልኩን አውጥቶ ይቀዳ ነበር። ሲመለስ ለድርጅቱ ነግሮ ቦታውን ፕሮግራም ውስጥ እንደሚያስገባ ቃል ገባልን። ጋሼ በአውቶቡሱ ውስጥ «እሱ ቢያስገባው መልካም። ግን እኛስ? የእኛ መጽሐፍ ምርኮኛው ባሕር ዳር ሲደርስ ታሪኩን ይዘጋዋል» አለኝ። በእርግጥ ነገሩ ያልተጻፈ አይደለም፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ወደ ሕንድ ስለተሻገሩት ኢትዮጵያውያን በሰፊው ጽፈዋል። ተማሪው እጅ ግን አልገባም። አንድ ልጅ ስለ ናፖሊዮን ጦርነቶች እየተማረ፣ ከአገሩ ተሸጦ ሄዶ የሞጉልን ጦር ያንበረከከውን ሰው ሳይሰማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጨረሱ ነውር ነው እላለሁ። ጥቂት ገጽ ይበቃዋል።

ጋሼ ዛሬ ደኅና ነው፤ መድኃኒቱም ሠርቷል። ለሕክምና ሙምባይ የምትሄዱ ወገኖች ብዙ ናችሁ፤ ቀጠሮ ስትጠብቁም ቀኑ ይረዝምባችኋል። ሐኪማችሁ ከፈቀደ ወደ አውራንጋባድ የሚሄደውን የሌሊት ባቡር ያዙ። ኩልዳባድ ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሾፌሩን መጀመሪያ ማሊክ አምባር ጋ ውሰደን በሉት፣ አውራንግዜብ ይቆያችኋል። ማክሰኞ ግን እንዳትሄዱ፤ ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው።